ብረቱ፣ ብርቅነቱ ወይስ ወረቀቱ? ሳንቲም ለሚሰበስብና ገንዘቡን ለሚያኖርበት የንጽጽር መመሪያ

አንድ አሮጌ የብር ሳንቲም ሦስት ዋጋ አለው። ቢቀልጥ የሚወጣው ብር አንድ ዋጋ ነው። የታተመበት ዓመትና የማተሚያ ቤቱ ምልክት በቀላሉ የማይገኝ ከሆነ በዚያ ላይ ሁለተኛ ዋጋ ይጨመራል። በደረጃ አውጪ ድርጅት በፕላስቲክ ታሽጎ «ኤምኤስ 65» የሚል የጥራት ደረጃ ወረቀት ሲገባለት ደግሞ ሦስተኛ። ሻጭ ድምሩን ብቻ ይናገራል፤ ድምሩን መበተን የገዢ ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች ሁሉ የሚመዘኑት በዚህ ነው፦ ከምትከፍሉት ገንዘብ ስንቱ ለብረቱ፣ ስንቱ ለብርቅነቱ፣ ስንቱ ለወረቀቱ ይሄዳል? ሦስቱም ሊወድቁ ይችላሉ፤ የሚጥላቸው ምክንያት ግን አንድ አይደለም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡልዮን፣ መካከለኛውና ብርቁ

ቡልዮን የሚባለው ለብረቱ ተብሎ የሚታተምና የሚሸጥ ሳንቲም ነው። ከ1967 ጀምሮ የሚታተመው የደቡብ አፍሪካው ክሩገርራንድ 22 ካራት ሆኖ 33.93 ግራም ይመዝናል፤ በውስጡ ያለው ንጹሕ ወርቅ ግን ልክ አንድ ትሮይ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም ነው። በ1986 የተጀመረው የአሜሪካው ሲልቨር ኢግል ደግሞ አንድ አውንስ ብር ይዟል። እዚህ የምትገዙት ብረቱን ነው፤ አደጋውም የብረቱ ነው። ብር በጃንዋሪ 1980 በአውንስ ወደ 50 ዶላር ተጠግቶ በማርች መጨረሻ 11 ዶላር አካባቢ ወርዷል። ስለዚህ ቡልዮን ስታነጻጽሩ ሁለት ቁጥር ይበቃችኋል፦ ከብረቱ ዋጋ በላይ የተጠየቀው ጭማሪ በመቶ ስንት ነው? ያው ነጋዴ ነገ መልሶ ቢገዛችሁስ ከብረቱ ዋጋ በመቶ ስንት ይሰጣል? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ጠይቆ ሁለተኛውን ይረሳል። ሩብ አውንስ ወይም አንድ አሥረኛ አውንስ የሆኑት ትንንሾቹ ለኪስ የሚቀሉ ቢመስሉም በግራም ሲሰሉ ከሙሉ አውንሱ ይወደዳሉ።

የብረቱን ዋጋ ማስላት ቀላል ነው፤ ክብደቱን በንጽሕናው አባዙት። የአሜሪካው የሞርጋን ዶላር 26.73 ግራም፣ 90 በመቶ ብር ነው። ስለዚህ 24.06 ግራም ንጹሕ ብር አለው፤ በአውንስ 0.7734። ይህ ቁጥር በዕለቱ የብር ዋጋ ሲባዛ ሳንቲሙ ከዚያ በታች የማይወርድበት ወለል ይገኛል።

መካከለኛው ቡድን ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነው። ከ1907 እስከ 1933 የታተመውን የሴንት ጎደንስ የ20 ዶላር ወርቅ ውሰዱ። 33.436 ግራም ይመዝናል፤ 0.9675 አውንስ ወርቅ አለው። የ1924ቱ በብዛት ስለተረፈ ዋጋው በአብዛኛው የወርቁ ነው። የ1933ቱ ግን ወርቁ ያው ሆኖ ሳለ፣ ከመሰራጨቱ በፊት እንዲቀልጥ በመታዘዙ በግለሰብ እጅ በሕግ የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በ2021 በጨረታ ከ18.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ብርቅነት ነው። እንደ 1924ቱ ያለውን የሚሸጥ ነጋዴ ግን ብዙ ጊዜ የ1933ቱን ታሪክ እያወራ ነው የሚሸጠው። ታሪኩን አድንቁ፣ ዋጋውን ግን በወርቁ አስሉት። በዚህ ቡድን ያለው ተጨማሪ ዋጋ አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል፤ ጠብቦ ከቡልዮን ጋር ሊስተካከል ሲቃረብ መግዛት፣ ሰፍቶ ሲታይ ደግሞ ቡልዮኑን መምረጥ ይሻላል።

ብርቁም ሁለት ዓይነት ነው፤ ከሁሉ በላይ ልትለዩት የሚገባው ይህን ነው። አንዱ በየትኛውም ሁኔታ ብርቅ የሆነ ሳንቲም ነው። በ1893 በሳን ፍራንሲስኮ የታተመው የሞርጋን ዶላር 100,000 ብቻ ስለሆነ ያረጀውም ቢሆን ውድ ነው። ሌላው ጥራቱ ሲያምር ብቻ ብርቅ የሚሆነው ነው። የ1884ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ሞርጋን ያገለገለው እንደ ልብ ይገኛል፤ ያልተነካካው ግን እጅግ ጥቂት ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ሰማይ ይነካል። የመጀመሪያው ዓይነት ዋጋው በዓመቱና በምልክቱ ላይ ይቆማል። የሁለተኛው ዋጋ ከሞላ ጎደል ሁሉም በወረቀቱ ላይ ነው፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ተደርጎ ቢነበብ አብዛኛው ይተናል። ትርፍ ፈልጎ ለሚገባ ጀማሪ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ያረጀና ርካሽ ደረጃ ላይ ያለው ሳይቀር።

ብርቅነትም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። የ1903ቱ የኒው ኦርሊንስ ሞርጋን ለብዙ ዓመታት ከተከታታዩ ሁሉ ብርቁ ይባል ነበር። በ1962 የመንግሥት ግምጃ ቤት ውስጥ ሳይከፈቱ የቆዩ ከረጢቶች ሲወጡ ዋጋው በአንድ ጊዜ ተንኮታኮተ። ስለዚህ «ስንት ታተመ?» ከሚለው ይልቅ «ስንት ተረፈ? ከሚታወቀው ውጪ በክምችት የተቀመጠ ሊኖር ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው ወጥመድ ዓመቱን እንደ ዕድሜ ማንበብ ነው። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ሁሉም 1780 ይላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር ታትሟል። በእጃችሁ ያለው 28.07 ግራም ቢመዝን እውነተኛ ልኩ ነው፤ በ1780 ታተመ ማለት ግን አይደለም። የአብዛኛው ጠገራ ዋጋ የብሩ ነው፤ እሱም 83.3 በመቶ ንጹሕ ነው።

የታሸገ ወይስ ያልታሸገ

ደረጃው ከ1 እስከ 70 የሚቆጠረው ዊልያም ሼልደን በ1949 ለአሜሪካ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ባወጡት መለኪያ ነው። ከ60 እስከ 70 ያለው «ኤምኤስ» ይባላል፤ በእጅ ያላገለገለ ማለት ነው። ከ50 እስከ 58 ያለው «ኤዩ» ለትንሽ ጊዜ ብቻ የዞረ ነው። ከዚያ በታች 40፣ 20፣ 12 እያለ ይወርዳል። «ፕሩፍ» የሚለው ደረጃ አይደለም፤ በልዩ ቅርጽና በተወለወለ ብረት ለሰብሳቢ የታተመ ማለት ነው።

ኤዩ 58 እና ኤምኤስ 61ን አወዳድሩ። ኤዩ 58 ከፍ ባሉት ጫፎቹ ላይ ብቻ ትንሽ መሻሸት አለበት፤ የቀረው ገጹ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ኤምኤስ 61 ምንም አልተሻሸም፤ በከረጢት ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ሲጋጭ ግን ፊቱ በጭረት ተሞልቷል። ዋጋው ብዙ ጊዜ ለ61ዱ ያደላል፣ ዓይን ግን ለ58ቱ። ለደስታ የሚሰበስብ 58ቱን ይውሰድ፤ ሰብሳቢዎችም ይህን ስለሚያውቁ ቆንጆው 58 መልሶ ሲሸጥ አያሳፍርም።

ያልታሸገ ሳንቲም ይረክሳል፤ የሐሰተኛነቱና የተጠረገ የመሆኑ አደጋ ግን በሙሉ የእናንተ ነው። በቤት ውስጥ ብዙ ማጣራት ይቻላል፦ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ስፋትና ውፍረት የሚለካ ካሊፐር፣ ጠንካራ ማግኔት፣ አምስትና አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ፣ አንድ አምፖል ያለው መብራት ይበቃል።

መጀመሪያ መዝኑ። ያረጀ ሳንቲም ትንሽ ይቀላል፤ ከልኩ በላይ መክበድ ግን ሰበብ የለውም። ቀጥሎ ማግኔት፦ ወርቅ፣ ብርና መዳብ አይሳቡም። የ1943ቱ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲም በጣም ብርቅ ስለሆነ የዚያኑ ዓመት የስቲል (አረብ ብረት) ሳንቲም መዳብ ቀብተው የሚሸጡ አሉ፤ ማግኔት ከያዘው ነገሩ አበቃ። ቢያልፍም ደግሞ መዝኑት፤ የመዳቡ 3.11 ግራም፣ የስቲሉ 2.7 ግራም ነው።

ከዚያ የውኃ ሚዛን። ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አድርጉና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ታችና ጎን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት። የሚነበበው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውኃ ነው። ደረቅ ክብደቱን ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉ እፍጋቱ ይገኛል። የሞርጋን ዶላር 2.6 ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት፤ 90 በመቶ ብር እፍጋቱ 10.3 ገደማ ነውና። 3 ግራም ካሳየ ብሩ ብር አይደለም። በሳንቲሙ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ውጤቱን ያዛባል፤ ቀስ ብላችሁ አራግፉት። ይህ ፈተና የሚሸነፍበት ቦታም አለ፦ የተንግስተን እፍጋት 19.25፣ የንጹሕ ወርቅ 19.3 ስለሆነ በወርቅ የተሸፈነ ተንግስተን ያልፋል። ለትልቅ የወርቅ ግዢ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ያለው ነጋዴ ዘንድ ማስፈተሽ ግድ ነው።

ክብደቱም ብሩም ልክ ሆኖ ምልክቱ ብቻ የተቀጠለበትም አለ፤ ተራውን ሳንቲም ወስደው የብርቁን ማተሚያ ቤት ፊደል ይለጥፉበታል። በአሥር እጥፍ ማጉያ የፊደሉን ሥር ተመልከቱ። እውነተኛው ከሜዳው፣ ማለትም ከሳንቲሙ ባዶ ገጽ፣ አብሮ የወጣ ይመስላል፤ የተቀጠለው ዙሪያውን ቀጭን ስንጥቅ ወይም የቀለም ለውጥ ያሳያል።

መጠረጉን የሚያሳየው ብርሃን ነው። ሳንቲሙን በጠርዙ ይዛችሁ ከአንድ አምፖል ሥር አዘንብሉት። ያልተነካ ገጽ ላይ ብርሃኑ እንደ መንኮራኩር ዘንግ እየዞረ ይሄዳል። ሲታተም ብረቱ ወደ ዳር ሲፈስ የሠራቸው ጥቃቅን መስመሮች ናቸው ይህን የሚፈጥሩት። በሳሙና ዱቄት፣ በጥርስ ሳሙና ወይም በጨርቅ የታሸ ሳንቲም እነዚህን መስመሮች ያጣል፤ ያበራል፣ ብርሃኑ ግን አይዞርም፤ በምትኩ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፉ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። የጠፋው ብረት ስለሆነ መልሶ የሚተካው ነገር የለም። ደረጃ አውጪዎች እንዲህ ያለውን ቁጥር ነፍገው «ዲቴይልስ» ብለው ያሽጉታል፤ ዋጋውም ክፉኛ ይወርዳል። ሻጭ «አጽድቼዋለሁ» ብሎ ሲኮራባችሁ ዋጋውን እየቀነሰላችሁ መሆኑን ዕወቁ።

የታሸገው እነዚህን ጥያቄዎች አብዛኞቹን ይመልሳል፤ ማሸጊያው ራሱ ሐሰተኛ ካልሆነ። ሐሰተኛ ማሸጊያ ስላለ የወረቀቱን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገቡ። ቁጥሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ እውነተኛ ቁጥር ይገለበጣልና። ፎቶ ካለ የሳንቲሙን አንድ ሁለት ጭረቶች ከፎቶው ጋር አስተያዩ፤ ጭረት አይገለበጥም።

የትኛው ድርጅት ያሸገው

በ1986 ሥራ የጀመረው ፒሲጂኤስ እና በ1987 የተከተለው ኤንጂሲ ገበያውን የሚመሩት ሁለቱ ደረጃ አውጪ ድርጅቶች ናቸው። ሁለቱም ለእውነተኛነትና ለደረጃ ዋስትና ይሰጣሉ። በአሜሪካ ሳንቲሞች ላይ ለተመሳሳይ ቁጥር ገዢዎች ብዙ ጊዜ ለፒሲጂኤስ ትንሽ ይጨምራሉ፤ ለሌላው ዓለም ሳንቲም ልዩነቱ ይጠባል። ለጥንታዊ ሳንቲም ኤንጂሲ የተለየ አሠራር አለው፤ ከደረጃው በተጨማሪ የኅትመቱን ጥራትና የገጹን ሁኔታ ለየብቻ ከ5 ይሰጣል። ደረጃው ከፍ ብሎ ገጹ ከ5 ውስጥ 2 ያገኘ ጥንታዊ ሳንቲም ስለሚኖር ሦስቱንም አንብቡ። ከሁሉ ቀድሞ በ1972 የጀመረው አናክስም ይታመናል፤ መልሶ ሲሸጥ ግን ዋጋው ከሁለቱ ያንሳል። ስሙን የማታውቁት ድርጅት ያሸገውን እንዳልታሸገ ቆጥራችሁ ተመኑ።

በ2007 የተመሠረተው ሲኤሲ ደግሞ በፒሲጂኤስና በኤንጂሲ የታሸጉ የአሜሪካ ሳንቲሞችን እንደገና አይቶ፣ ለደረጃቸው ጠንካራ ከሆኑ አረንጓዴ ምልክት ይለጥፋል፤ ከተጻፈው በላይ ይገባቸዋል ካለ ወርቃማ። ምልክቱ ዋጋ ይጨምራል፤ ለውድ ሳንቲም ጭማሪው ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። ርካሽ ሳንቲም ላይ ግን ወረቀት በወረቀት ላይ መግዛት ነው።

ዋስትናው የማይሸፍነውን ዕወቁ። ታሽጎ እያለ ቀለሙ የተለወጠ መዳብ፣ በብር ላይ በኋላ የወጣ ነጭ ነጠብጣብ፣ በወረቀቱ ላይ ግልጽ የጽሑፍ ስሕተት፣ እነዚህ ብዙ ጊዜ ከዋስትናው ውጪ ናቸው።

«በዚህ ደረጃ 12 ብቻ አሉ» የሚለው የድርጅቶቹ የቆጠራ መዝገብም በሁለት መንገድ ያሳስታል። ባለቤቶች ከፍ ያለ ቁጥር ፍለጋ ሳንቲሙን ከማሸጊያው እያወጡ ደጋግመው ስለሚልኩ አንዱ ሳንቲም ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። በተቃራኒው፣ ርካሽ ሳንቲም ማንም ከፍሎ ስለማያሳሽገው በመዝገቡ ላይ ብርቅ ይመስላል፤ ዋጋው ከፍ ሲል ሁሉም ይልክና ቁጥሩ ያብጣል።

ያላችሁን ልታሳሽጉ ነው?

ስሌት ይቅደም። በምሳሌ ቁጥር፦ ሳንቲሙ ሳይታሸግ የሽያጭ ወጪው ተቀንሶ 60 ያወጣል። ታሽጎ 63 ቢያገኝ 75፣ 64 ቢያገኝ 110፣ 65 ቢያገኝ 180 ይሸጣል። ዕድሉን 30፣ 50 እና 20 በመቶ እንበል። አማካዩ 22.5 ሲደመር 55 ሲደመር 36፣ በጠቅላላው 113.5 ነው። ለደረጃ፣ ለመላኪያና ለኢንሹራንስ 45 ቀንሱ፤ ለሽያጭ ወጪ አሥር በመቶ፣ ማለትም 11.35 ቀንሱ፤ 57.15 ይቀራል። ሳይታሸግ ከሚያወጣው ያንሳል። «ዲቴይልስ» የመባል ዕድል ገና አልተነካም። ሰው ግን 180ውን እያየ ነው የሚልከው። ማሳሸግ የሚያዋጣው ሳንቲሙ በዝቅተኛው ግምታችሁ እንኳ ወጪውን ሲመልስ፣ ወይም እውነተኛነቱ ራሱ የሚያከራክር ውድ ሳንቲም ሲሆን ነው።

ከመላካችሁ በፊት ገጹ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ካያችሁ ከፒቪሲ ፕላስቲክ የወጣ ነው፤ ከቆየ ብረቱን ይበላል። በንጹሕ አሴቶን፣ በመስታወት ዕቃ፣ ከእሳት ርቆ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ጥቂት ደቂቃ ነክሩትና ሳታሹ በአዲስ አሴቶን አለቅልቁት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይተካውም፤ ዘይትና ሽቶ አለበት።

አዲስ ሳንቲም፣ 70 ደረጃ

70 ማለት በአምስት እጥፍ ማጉያ እንከን ያልታየበት ነው። የዛሬ ማተሚያ ቤቶች በሺዎች ያመርቱታል፤ ስለዚህ ከ69 ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ሁሉ ወረቀት ነው። «የመጀመሪያ ኅትመት» የሚል ጽሑፍም አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲሙ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ ደረሰን ማለት ነው እንጂ ቀድሞ ታተመ ማለት አይደለም። የብር ሳንቲም ከሆነ ደግሞ ነጩ ነጠብጣብ ከዓመት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ለማትረፍ ከሆነ ይህን እንድትገዙ አንመክርም። ለማማር ከሆነ 69ኙን ውሰዱ።

ጨረታ ወይስ ነጋዴ

በትልልቅ ጨረታዎች ገዢው ከመዶሻው ዋጋ፣ ማለትም ጨረታው ከተዘጋበት ዋጋ፣ በላይ 20 በመቶ አካባቢ ይከፍላል። በጠቅላላው 1,200 ማውጣት የምትችሉ ከሆነ የምትጠሩት ከፍተኛ ዋጋ 1,200 ለ1.2 ተካፍሎ 1,000 ነው፤ ሲሞቅ ይህን መርሳት ቀላል ነው። ያው ሳንቲም ነገ በ1,000 ቢሸጥ ገንዘባችሁ አንድ ስድስተኛ ጠፍቷል። የጨረታ ጥቅሙ ያለፉ ሽያጮች መታየታቸው ነው፤ ቢያንስ በተመሳሳይ ደረጃና ድርጅት አምስት የቅርብ ሽያጭ አይታችሁ ትልቁንና ትንሹን ጣሉ። የዋጋ መጽሐፍ የሚጽፈው ሻጭ የሚመኘውን ነው፤ ጨረታው የተከፈለውን ያሳያል።

ነጋዴ ዘንድ ሳንቲሙን በእጃችሁ ይዛችሁ ማየት፣ መደራደርና መመለስ ትችላላችሁ። ዋናው ጥያቄ አሁንም ያው ነው፦ መልሰህ በስንት ትገዛኛለህ? በልዩ ልዩ ሳንቲም ልዩነቱ ከጥቂት መቶኛ እስከ ሩብ ሊደርስ ይችላል፤ ብዙ ገዢ በሌለው ሳንቲም ከዚያም ይሰፋል። በ1989 የመዋዕለ ንዋይ ገንዘብ ወደ ታሸጉ ሳንቲሞች ጎርፎ ዋጋቸው ሰማይ ሲነካና ቀጥሎ ሲንኮታኮት የበለጠ የተጎዱት፣ በብዛት የሚገኙ ነገር ግን በወረቀታቸው ብቻ የተወደዱ ሳንቲሞች ነበሩ።

ከገዛችሁ በኋላ፦ ማሸጊያው ውኃም አየርም ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። ከእንጨት ሳጥን፣ ከጎማ ላስቲክና ከፒቪሲ ከረጢት አርቁት፤ ካዝናው ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አኑሩና ሲጠግብ ቀይሩት። የእያንዳንዱን ፎቶ፣ የወረቀት ቁጥር፣ የግዢ ቀንና ዋጋ ከሳንቲሙ ሌላ ቦታ ጻፉ። የቤት ኢንሹራንስ ሳንቲምን ብዙ ጊዜ በትንሽ ጣሪያ ብቻ ስለሚሸፍን ውሉን አንብባችሁ ለብቻው አስመዝግቡ፤ ያ ወጪም በየዓመቱ ከትርፉ ላይ ይቀነሳል።